ፓፉን አታቁሙ፤ አፋችሁን ተጉመጥመጡ



የእድራችን ሊቀመንበር «ከወር ስብሰባው በኋላ ስለ አስም አንድ ነገር በለን፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፓፍ በኪሱ ያልያዘ ሰው ጥቂት ነው» ብለው ነው የጠሩኝ። ትንሽ ሳያጋንኑ አልቀሩም። ጥሪውን ግን በደስታ ተቀብያለሁ። አስም ሰፊ ነገር ነው፤ ሁሉን ልናገር ብል ሳንጨርስ ይመሻል። ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያ እንደመሆኔ ከሰፊው ርእስ አንዲት ጥግ ብቻ እወስዳለሁ። ለመከላከያ የሚሰጠው ፓፍ አፍ ውስጥ ስለሚያመጣው ነጭ ፈንገስ ነው የምነግራችሁ፤ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደምንከላከለው፣ ከመጣም ምን እንደምናደርግ። ጥግዋ ጠባብ ናት። የመረጥኳት ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው እዚያች ላይ ሲደርስ ስለሆነ ነው።

ዋናውን ከሁሉ አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ንግግሬ ሳያልቅ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን ይዞ ይውጣ። ፈንገሱ ይታከማል፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀላሉ ይታከማል። በፈንገሱ ምክንያት ፓፉን ማቆም ግን አደጋ ነው። ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ።

መጀመሪያ የቱን ፓፍ እንደማወራ እንግባባ። አስም ያለበት ሰው እጅ ላይ ሁለት ዓይነት ፓፍ ይኖራል። አንደኛው ሲያፍነን የምንስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ሳልቡታሞል ነው፤ ብዙዎቻችሁ ቬንቶሊን የምትሉት። የተጨመደደውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ያገለግልና ያልቃል። ሁለተኛው ስቴሮይድ ያለበት ነው፤ ቤክሎሜታሶን፣ ቡዴሶናይድ፣ ፍሉቲካሶን የሚባሉት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህኛው ሲወሰድ ለጊዜው ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም። ሥራው የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ብግነት ማብረድ ስለሆነ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ሰማያዊው ፓፍ ክረምት ሲገባ ከሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር የምናስቀምጠው ባልዲ ነው፤ ስቴሮይዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ሁላችንም ባልዲውን እንወዳለን፤ ወለሉ ሲደርቅ በዓይናችን እናያለና። ጣራው ግን ያው ቀዳዳ ነው።

ይህን የምለው ፈንገሱን የሚያመጣው ሁለተኛው፣ ማለትም ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ስለሆነ ነው። ሳልቡታሞል ይህን አያመጣም። እንግዲህ አንድ ሰው አፉ ሲቆስል የትኛውን እንደሚጥልና የትኛውን እንደሚያስቀር ገምቱት። መከላከያውን ይጥላል፤ ባልዲውን ይዞ ይቀራል። በብሪታንያ በአስም ስለሞቱ ሰዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነ ምርመራ ነበር። የ195 ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ አገላብጧል። ከታዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ ማስታገሻውን፣ ማለትም ሰማያዊውን ፓፍ፣ ከልክ በላይ ይወስዱ ነበር፤ መከላከያውን ግን በሚገባው መጠን አይወስዱም ነበር። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋምም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በማስታገሻ ብቻ መታከም የለባቸውም ብሏል። ስለዚህ ፓፉን አታቁሙ ስል ከራሴ አፍልቄ አይደለም።

«ስቴሮይድ» ሲባል የምትደነግጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፕሬድኒሶሎን እንክብል ለረጅም ጊዜ ወስዶ ፊቱ ያበጠ፣ ስኳሩ የወጣ፣ አጥንቱ የሳሳ ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ልዩነቱ ግን መጠኑ ነው። አንዲት ባለ 5 ሚሊግራም የፕሬድኒሶሎን እንክብል 5000 ማይክሮግራም ናት። አንድ ጊዜ የሚሳብ የቤክሎሜታሶን ፓፍ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 250 ማይክሮግራም ነው። ኃይላቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ክብደት ለክብደት ማወዳደር ሙሉ ሥዕሉን አይሰጥም፤ ቢሆንም በፓፍ መልክ የተሠራበትን ምክንያት ያሳያል። ጥቂት መድኃኒት ሆዳችንንና ደማችንን ሳያዳርስ በቀጥታ ሳንባ ላይ እንዲያርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የቤክሎሜታሶን ፓፍ ብሪታንያ ውስጥ ለገበያ ሲወጣ፣ በእንክብል ብቻ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች እንክብላቸውን መቀነስ ቻሉ።

ታዲያ ለሳንባ የተላከ መድኃኒት አፍ ውስጥ ምን ይሠራል? ሁለተኛው ነጥቤ ይህ ነው።

የፓፉን አመጣጥ ብታውቁ መልሱ ይቀላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ጆርጅ ሜይሰን የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ ራይከር ላቦራቶሪስ የተባለ የመድኃኒት ድርጅት ይመራ ነበር። አስም የነበረባት የ13 ዓመት ልጁ «የእኔ መድኃኒት ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ በቆርቆሮ አይሆንም?» ብላ ጠየቀችው ይባላል። በዓመቱ የመጀመሪያው ፓፍ ገበያ ላይ ዋለ። የልጆችን ጥያቄ የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ይህ ነው፤ ከስፕሬይ የሚወጣው ነገር በኃይል ነው የሚወረወረው። ቀጥ ብሎ ሄዶ የጉሮሮን የኋላ ግድግዳ ይመታል፤ ወደ ሳንባ የሚወስደውን ጥምዝ ለማለፍ ጊዜ አያገኝም። በተለመደው ፓፍ፣ በደንብ ለሚወስድ ሰው እንኳ፣ ሳንባ የሚደርሰው ከመቶ 10 እስከ 20 ያህሉ ነው። አብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

እዚያ የቀረው ስቴሮይድ የሚያውቃት አንዲት ጎረቤት አለች፤ ካንዲዳ የምትባል ፈንገስ። ይህችን ፈንገስ ከየትም አናመጣትም። ከጤነኛ ሰው ግማሽ ያህሉ አፉ ውስጥ ተሸክሟት ይኖራል፤ ምንም አታደርገውም። አፋችን ውስጥ ያለው የሰውነት መከላከያና ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ጠብቀው ይይዟታል። ስቴሮይድ ደግሞ ሥራው የሰውነትን መከላከያ ረጋ ማድረግ ነው። ሳንባ ላይ ለዚያ ነው የምንፈልገው። አፍ ላይ በየቀኑ ሲከማች ግን ካንዲዳ ጠባቂዋ ሲዳከም ታያለች፤ ትራባለች።

ከሌላው ሰው ይልቅ የምትይዛቸው አሉ። ከፍተኛ መጠን ያለው ፓፍ የሚወስዱ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ በሆነ ምክንያት አፋቸው የሚደርቅ፣ ፕሬድኒሶሎን ደርበው የሚወስዱ፣ በቅርቡ አንቲባዮቲክ የጨረሱ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ በየቀኑ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት የማየው ምክንያት ግን የአወሳሰድ ስህተት ነው።

አንዲት እናት መጥተው «ይሄ መድኃኒት አፌን አቆሰለው፤ ሌላ ስጠኝ፤ ካልሆነ እተወዋለሁ» አሉኝ። ምላሳቸው ዳርና ዳሩ ነጭ ነበር፤ የጉንጫቸው ውስጥም እንዲሁ። «እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከቦርሳቸው አወጡና ክዳኑን ከፈቱ። አልነቀነቁትም። አየር ሳያወጡ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ከዚያ ሁለቴ በላይ በላዩ ተጫኑት። ነጭ ጉም በከንፈራቸው ዳርና በአፍንጫቸው ተመልሶ ወጣ። ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ክዳኑን ገጠሙና «ይኸው» አሉኝ። የሁለት ዓመት ታካሚ ናቸው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ተጽፎላቸዋል። በእጁ ይዞ ያሳያቸው ግን አልነበረም። እንደ እኔ እምነት ፓፍን ሳያሳዩ መሸጥ መድኃኒት መሸጥ አይባልም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልለፍ። ሰው ለሐኪም «ፈንገስ ያዘኝ» ብሎ አይመጣም። «በርበሬ አላስበላ አለኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ትናንት ያልተሰማው ቀይ ወጥ ዛሬ ያቃጥለዋል። አፉ ጥጥ የጎረሰ መስሎ ይሰማዋል፤ የምግብ ጣዕም ይጠፋበታል። መስታወት ፊት ቆሞ ሲያይ ምላሱ፣ ጉንጩ፣ ላንቃው ወይም ጉሮሮው ላይ ነጭ ነገር አለ። ሲጠረግ ይላቀቃል፤ ሥሩ ቀይ ይሆናል፤ አንዳንዴም ይደማል። የከንፈር ጥግ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው ላይ ነጩ ላይታይ ይችላል፤ ከጥርሱ ሥር ያለው ላንቃ ቀልቶ ብቻ ይገኛል። ሲጠረግ ጨርሶ የማይላቀቅ ነጭ ነገር ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ድምፅ መጎርነን ከዚህ ለየት ያለ ነገር ነው። መድኃኒቱ የድምፅ ጅማቶች ላይ አርፎ ፈንገስ ሳይኖር ድምፅን ሊያጎረንን ይችላል። መዘምራን፣ መምህራንና አዛን የሚያደርጉ ሰዎች ቶሎ ያስተውሉታል። እሱም ይስተካከላል፤ እሱም ፓፉን ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ነጭ ምላስ የሕክምና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የኤችአይቪ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ብዙ ሰው አፉ ነጭ ሆኖ ሲሞት አይተናል። ያ ትዝታ አልለቀቀንም። ዛሬም አፉ ነጭ የሆነ ሰው ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ሐኪም ዘንድ ከመሄድ ይደበቃል፤ ፓፉን በድብቅ ይተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ። የስቴሮይድ ፓፍ የሚወስድ ሰው አፉ ነጭ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓፉ ነው። በሌላ በኩል ፓፍ የማይወስድ ሰው አፉ ያለ ምክንያት ነጭ ቢሆን፣ ወይም ፓፍ የሚወስደው ሰው ሁሉን አስተካክሎም እየተመላለሰ ቢይዘው፣ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው። ሁለቱም ዛሬ መድኃኒት አላቸው። ጎረቤታችሁ አፉ ነጭ ሆኖ ብታዩት ደግሞ እባካችሁ ዝም በሉት፤ ወይም ስለ ፓፉ ጠይቁት።

የኤችአይቪ መድኃኒት ለምትወስዱ አንድ ነገር አለኝ። ከመድኃኒታችሁ መካከል ሪቶናቪር ያለበት ካለ፣ ለምሳሌ ከአታዛናቪር ጋር የሚሰጠው፣ እሱ ፍሉቲካሶንና ቡዴሶናይድ ከሰውነት እንዳይወጡ ያግዳል። በፓፍ የገባችው ትንሽ ስቴሮይድ ደም ውስጥ ተከማችታ የእንክብሉን ያህል ጉዳት ታደርሳለች። መፍትሔ አለው፤ በዚህ ረገድ ቤክሎሜታሶን የተሻለ ነው። መጀመሪያ ግን ሐኪማችሁና ፋርማሲስታችሁ ማወቅ አለባቸው። ሰልፍ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ከከበዳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።

ቀጥዬ ስለ መከላከሉ። ፓፉን ከሳባችሁ በኋላ ወዲያውኑ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። ወዲያውኑ የምለው መድኃኒቱ አፍ ላይ በቆየ ቁጥር ሥራውን ስለሚሠራ ነው። አንድ ጉንጭ ውሃ ያዙ፤ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፤ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ጉሮሯችሁ ላይ ጉር ጉር አድርጉት፤ ትፉት። አትዋጡት። አንድ ጊዜ ድገሙት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ ለዚህ የሚበቃ አይጠፋም። ፓፉን ከጥርስ ብሩሻችሁ አጠገብ አስቀምጡት፤ ጠዋትና ማታ ፓፉን ወስዳችሁ ጥርሳችሁን ተቦርሹ። ሁለቱ አብረው ከተለመዱ አይረሱም። መጉመጥመጥ የማይችል ትንሽ ልጅ ከሆነ ውሃ ይጠጣ፤ በማስክ የሚወስድ ሕፃን ደግሞ ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

«በጾም እንዴት አድርጌ ውሃ አፌ ላስገባ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል። ረመዳን ላይ መከላከያው በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት መወሰድ ይችላል፤ ጠዋትና ማታ ለሚወሰድ መድኃኒት እንደውም ይመቻል። ለውዱእ መጉመጥመጥም በጾም ቀን ያለ ነው፤ ውሃው እንዳይዋጥ መጠንቀቅ ነው። ለሚቆርቡ ምእመናን ደግሞ፣ ማለዳ ውሃ ወደ አፍ ማስገባት ካሳሰባችሁ የዚያን ቀን መከላከያውን ከቅዳሴ መልስ አድርጉት። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ አይጎዳም። ከነፍስ አባታችሁም ተማከሩ፤ አብዛኞቹ ለታመመ ሰው ከእኛ ይልቅ ይራራሉ። ሰማያዊውን፣ ሲያፍነን የሚወሰደውን ግን ለማንም ሰዓት አታዘግዩት።

ቀጥሎ አወሳሰዱ። ፓፉን ነቅንቁ። አየር በረጋ መንፈስ አውጡ። ከንፈራችሁን ግጥም አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ መሳብ ስትጀምሩ አንዴ ተጫኑ፤ መሳቡን አታቋርጡ። ትንፋሻችሁን እስከ 10 ስትቆጥሩ ያዙት። ሁለተኛውን ከመውሰዳችሁ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ እንደገናም ነቅንቁ።

ይህን ማቀናጀት ለሚከብደው፣ ለአረጋውያንና ለልጆች፣ ስፔሰር የሚባል የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ፓፉን ከአንድ ጎን እንሰካበታለን፤ ከሌላው ጎን እንስባለን። በኃይል የሚወረወረው መድኃኒት መሐል ላይ ይበርዳል፤ ትልልቁ ጠብታ ጉሮሯችን ላይ ሳይሆን ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። ሳንባ የሚገባው ይጨምራል፤ አፍ የሚቀረው ይቀንሳል። ዋጋው ለሚከብደን፣ አልፎ አልፎም ከገበያ ለሚጠፋብን፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ መላ አለ። የኬፕታውኗ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከባለ 500 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ስፔሰር አስም የተነሳባቸውን ልጆች ከፋብሪካው እኩል ሲረዳ አሳይተዋል። እኛ ሃይላንድ የምንለው ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ማለት ነው። በፓፉ አፍ ቅርጽ የተጣመመ ሽቦ በእሳት ይግላል፤ የፕላስቲኩ መቀመጫ በሱ ይበሳል፤ ፓፉ አየር በማያሳልፍ ሁኔታ ይሰካል፤ ልጁ በፕላስቲኩ አፍ ይስባል። በዚያው ጥናት ላይ የመጠጫ ኩባያ ተሞክሮ ያን ያህል አልረዳም፤ ስለዚህ በኩባያ አትድከሙ። ጥናቱ የተደረገው በማስታገሻው መድኃኒት መሆኑንም ልብ በሉ። ለመከላከያው የፋብሪካው ስፔሰር ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ።

ስፔሰሩን በወር አንዴ በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠቡት፤ በጨርቅ አትወልውሉት፤ በራሱ ይድረቅ። ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ዱቄት የሚሳብበት ዓይነት ፓፍ ያላችሁ ደግሞ ስፔሰር አትጠቀሙም፤ መጉመጥመጡ ግን እናንተንም ይመለከታል።

መጠኑንም አንርሳ። አስማችሁ ለሦስት ወር ያህል ጸጥ ካለ ሐኪማችሁን «መቀነስ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠኑን መቀነስ ያለበት ሐኪሙ ነው። በራስ ሥልጣን መቀነስ ከማቆም ብዙ አይርቅም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢመጣስ? አሁንም ፓፉን አታቁሙ። በጨርቅ አትፈግፍጉት፤ ሎሚ አትሹበት፤ የቆሰለ አፍ ላይ ሎሚ ስቃይ ብቻ ነው። «ቶንሲል ነው» ተብሎ አሞክሲሲሊን እንዳትጀምሩ። አሞክሲሲሊን ፈንገስ አይገድልም፤ ፈንገሷን የሚይዟትን ባክቴሪያዎች ነው የሚገድለው። እንደውም ይብስባችኋል። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አፋችሁን አሳዩ፤ ፓፋችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ኒስታቲን የሚባል ቢጫ ፈሳሽ ነው። በቀን 4 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ አፍ ውስጥ የተቻለውን ያህል አቆይቶና አዙሮ መዋጥ ነው። ሽሮፕ መስሎት ወዲያው የሚውጥ አለ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቁስሉን ሲነካ ነውና አይጠቅመውም። ነጩ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን ይቀጥላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላችሁ ሌሊት አውልቁት፤ በሐኪሙ ምክር ዘፍዝፋችሁ አጽዱት፤ አለዚያ ፈንገሷ ከዚያ ተነስታ ትመለሳለች። የጥርስ ብሩሽም ይቀየር።

ማይኮናዞል የሚባል ጄልና ፍሉኮናዞል የሚባል እንክብልም አሉ። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ግን ከሌሎች ጋር ይጋጫሉ። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን የምትወስዱ ጄሉንም እንክብሉንም ያለ ሐኪም አትንኩ፤ ደም መፍሰስ ያመጣሉ። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ፍሉኮናዞል ስኳራችሁን በድንገት ሊያወርደው ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተናገሩ። «ለሌላ ነገር የተረፈች አንዲት እንክብል አለችኝ» የሚል ጎረቤት ቢኖር አመስግናችሁ መልሱለት።

ሲውጡ የሚያም፣ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚያቃጥል፣ ምግብና ውሃ የሚያስከለክል ከሆነ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሳትቆዩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው።

የእኔ ይኸው ነው። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ በሰው ፊት ማንሳት የማትፈልጉትን ጸሐፊያችን በያዙት ካርቶን ውስጥ ስም ሳትጽፉ ጣሉት፤ ከእሱ እያወጣሁ እመልሳለሁ። ፓፍ የያዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ኑና አወሳሰዳችሁን አሳዩኝ፤ በአንድ ሰው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ግማሽ ሊትር ፕላስቲኮች፣ ሽቦና ፕላስተር አምጥቻለሁ። አስም ያለባቸው ልጆች ያሏችሁ ቅደሙ።